ቤን ግሪም እና ሞል ማን ለምን አልተነጋገሩም?

«ፋንታስቲክ ፎር» የአራት ጀግኖችን ቡድን ታሪክ የሚተርክ የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ነው፤ በመጀመሪያ እትሙ ሽፋን ላይ አንድ ሰው በገመድ ተጠፍሮ ይታያል። ሪድ ሪቻርድስ ነው፤ ሰውነቱ እንዳሻው የሚለጠጥለት ሳይንቲስት፣ የቡድኑ አለቃ። አስፋልቱን ሰንጥቆ የወጣ ግዙፍ ጭራቅ ሱ ስቶርምን በመዳፉ ጨብጧታል። ወንድሟ ጆኒ እየነደደ በአየር ላይ ይከንፋል። ሰውነቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ቤን ግሪም ለጠብ ተሰናድቷል። ሪድ ደግሞ ከገመዱ ውስጥ እየተሳበ፣ እኔን ገመድ አያቆመኝም እያለ ይፎክራል።

ሽፋኑን ለእህቴ ልጅ ባሳየሁት ጊዜ ጭራቁም እሳቱም አላስደነቀውም። ጣቱን ገመዱ ላይ አድርጎ፣ «አጎቴ፣ ማን አሰረው?» አለኝ።

ጥያቄው ልክ ነው፤ መልስ ግን የለውም። ጭራቁ አላሰረውም፤ እያንዳንዱ ጣቱ የሰው ወገብ የሚያክል ፍጡር ቋጠሮ አይቋጥርም። መንገዱ ላይ ሌላ ጠላት አይታይም። መጽሔቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ብታገላብጡት ሪድን በገመድ የሚያስር ሰው አታገኙም። ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ ሽፋኑ ላይ የተሣለው ፍልሚያ ራሱ በውስጡ የለም። ጭራቁ አለ፣ ነገር ግን ከመሬት ብቅ የሚለው አራቱ በሌሉበት፣ በሌላ አህጉር ነው። ጎን ላይ ደግሞ አራቱ «ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ» መቅረባቸውን የሚያበስር ጽሑፍ በትልልቁ ሰፍሯል፤ አንባቢው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ሲከታተላቸው የኖረ ይመስል። ከአራቱ ቀድሞ ስሙ ይታወቅ የነበረው ሂዩማን ቶርች የሚባለው ጆኒ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው ሰው ሠራሽ ፍጡር እንጂ ይህ መኪና መነካካት የሚወድ ጎረምሳ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ንቄው አይደለም። ደጋግሜ ካነበብኳቸው የሥዕል ታሪኮች አንዱ ነው፤ ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ደግሞ ስፌቱን ማየቱ አይቀርም። ጋዜጣ ላይ ገጽ ሳቀናብር ዓመታት ስላሳለፍኩ፣ በጥድፊያ የተሰፋ ገጽ ከሩቁ ይሸተኛል።

ይህኛው በጥድፊያ የተሰፋ ነው። መጽሔቱ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 1961 ሲሆን፣ ሽፋኑ ላይ የኅዳር ወር ተጽፎበታል፤ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ተፎካካሪው ኩባንያ ጀግኖቹን ሰብስቦ «ጀስቲስ ሊግ ኦፍ አሜሪካ» የሚባል መጽሔት አውጥቶ በደንብ ሸጦ ነበር። አሳታሚው ማርቲን ጉድማን ይህን አይቶ የእኛስ ቡድን የታለ አለ። አዘጋጁ ስታን ሊ እና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ያንን ቡድን አቀረቡ። ማን ምን እንደፈጠረ ሁለቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተስማሙም፤ ከርቢ በ1994፣ ሊ በ2018 ሲያርፉ ክርክሩ በደጋፊዎቻቸው እጅ ቀረ። በዚያ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም። ለእኔ ጉዳይ የሚበቃኝ፣ መጽሔቱ ተፎካካሪን ለመድረስ በሩጫ የተሠራ መሆኑ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በየት በየት እንደተፈታ ልንገራችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በጥሪ ነው። ሪድ ከአንድ ሕንፃ መስኮት ላይ ሆኖ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ጭሱ የቡድኑን ስም በደመናው ላይ ይጽፋል። የከተማው ሰው ይደናገጣል። ሱ ከአንዲት ወዳጇ ጋር ሻይ እየጠጣች ሳለ ይህን ታይና ትሰወራለች። ሰው እየገፋች መንገዱን ታቋርጣለች፣ ታክሲ ውስጥ ሳትታይ ትገባለች፣ ሾፌሩ በባዶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ገንዘብ ሲቀርብለት ነፍሱ ልትወጣ ይደርሳል። ሥዕሉ ያስቃል፤ ግን ለምን ተሰወረች? የሚያሳድዳት የለም። እንደ ሰው ወጥታ፣ እንደ ሰው ታክሲ ይዛ ብትሄድ የሚያግዳት አልነበረም። የተሰወረችው መሰወር እንደምትችል እኛ እንድናውቅ ብቻ ነው።

ቤን ደግሞ ልብስ መሸጫ ውስጥ ነው። ካፖርቱንና ባርኔጣውን ደርቦ ፊቱን ሸሽጓል። በልኩ የሚሆን ልብስ የለም ይሉታል። የጥሪውን ምልክት ሲያይ ካፖርቱን ቀዳዶ ጥሎ ወደ በሩ ይሮጣል። በሩ አያሳልፈውም፤ ግድግዳውን ጭምር ይዞት ይወጣል። በሮችን ለምን እንዲህ አጥብበው ይሠራሉ እያለ ያማርራል። ጥሩ፤ ሲገባስ በየት ገባ? ይኸው በር አልነበረም?

ፖሊስ ይተኩስበታል። መንገዱን ቀዶ ወደ ፍሳሽ ቱቦው ይወርዳል፣ ራቅ ብሎ አስፋልቱን ከሥር ፈንቅሎ ይወጣል፣ የመጣ መኪና ይጋጨውና መኪናው ይጨማደዳል። ጆኒም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላደረገም። ከጓደኛው ጋር መኪና ሲሠራ ቆይቶ፣ ምልክቱን እንዳየ እዚያው ተቀምጦ ይነድና መኪናውን ያቀልጠዋል። ተነሥቶ ሲበር የአየር ኃይል ጄቶች ይከቡታል፤ እነርሱም በሙቀቱ ይቀልጣሉ፤ አብራሪዎቹ በጃንጥላ ይወርዳሉ።

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ማለፍ ይቻላል። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን እኔ አሁንም መዋጥ አልቻልኩም። አንድ የሚነድ ልጅ ለመጣል ተብሎ የኒውክሌር ሚሳይል ይተኮሳል። በከተማ ላይ! ሪድ ከጣሪያ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ሚሳይሉን በእጁ ይይዝና ወደ ባሕር ይወረውረዋል፤ እዚያ ይፈነዳል። ቀጥሎ ኃይሉ አልቆ የሚወድቀውን ጆኒን ይቀልባል። ከዚያስ? ምንም። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ ባሕሩ ምን እንደሆነ አንድም ሰው አያነሳም። አንድ ገጽ ላይ ተተኮሰ፣ ፈነዳ፣ ተረሳ። ጠቅላላውን ስናሰላው ደግሞ በዚያች ከተማ ላይ የደረሰው ጉዳት በሙሉ በቡድኑ መሰብሰብ ምክንያት የመጣ ነው። የኋላ ኋላ የሚመጣው ክፉ ሰው፣ ሞል ማን፣ ከተማዋን በጣቱ እንኳን አልነካትም።

የልብሱ ነገርም አለ። ሱ ስትሰወር ልብሷ አብሯት ይሰወራል። ጆኒ ነዶ ሲያበቃ ራቁቱን አይቀርም። ሪድ ሲለጠጥ እጅጌው አብሮት ይለጠጣል። ልብሱ የሚቀደደው የቤን ብቻ ነው። በኋላ እትሞች ላይ አንድ ልዩ ጨርቅ ተፈለሰፈና ነገሩ ተድበሰበሰ፤ በዚህኛው ግን ጨርቁም የቡድኑ መለያ ልብስም ገና አልመጡም፤ መለያው የወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ሕጉ ለሦስቱ ይራራል፣ በአራተኛው ላይ ይጨክናል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መሃል ላይ አንድ አፍሪካዊ አንባቢን ከወንበሩ የሚያስነሳ ነገር አለ። ሪድ ቡድኑን የጠራው በየአገሩ ያሉ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫዎች ወደ መሬት ውስጥ እየሰመጡ ስለጠፉ ነው። አንዱ የጠፋው «በፈረንሳይ አፍሪካ» ነው። ሽፋኑ ላይ የነበረው ጭራቅ እዚያ ከመሬት ይወጣል፣ ወታደሮች ይተኩሱበታል፣ አይበገርም፤ ጌታው ብቅ ብሎ ሲያዘው ተመልሶ ይገባል።

የትኛው ፈረንሳይ አፍሪካ? በ1960 ብቻ 14 የፈረንሳይ ግዛቶች ነፃ ወጥተዋል። መጽሔቱ ጋዜጣ መሸጫ ላይ ሲሰቀል ዋናዋ በፈረንሳይ እጅ የቀረችው አልጄሪያ ነበረች፤ እሷም ጦርነት ላይ ነበረች፣ በዓመቱ ነፃ ወጣች። እዚህ ጎረቤታችን ያለችው ጅቡቲም ነበረች፣ እስከ 1977። በአፍሪካ ምድር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1984፣ በደቡብ አፍሪካ ኩበርግ ነው፤ ስለዚህ ጭራቁ በ1961 የዋጠው ማመንጫ ገና አልተሠራም። ይህ የዕውቀት ማነስ ነው፤ በኒው ዮርክ ተቀምጦ በወር በርካታ መጽሔት ከሚያወጣ ሰው ብዙ አይጠበቅም እንበል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፈረንሳይ የመጀመሪያዋን የአቶም ቦምብ የካቲት 13 ቀን 1960 ያፈነዳችው ሬጋን በሚባል የአልጄሪያ ሰሐራ ሥፍራ ነው። ፈረንሳይ፣ አፍሪካ እና አቶም የሚሉት ሦስት ቃላት በአንድ ክፈፍ ውስጥ ሲገናኙ እውነተኛው ታሪክ ከጭራቁ የበለጠ ያስፈራ ነበር። ከርቢ መድፉን አሳምሮ ሥሎታል። የዚያ አገር ነዋሪዎች እነማን እንደሆኑ ግን አይነገረንም።

ወደ ቡድኑ አመጣጥ ልሂድ፤ መጽሔቱ በሁለት እግሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ሪድ የሠራት ሮኬት አለች። አብራሪው ቤን የጠፈር ጨረር ምን እንደሚያደርገን ሳናውቅ አልበርም ይላል። ሱ ኮሚኒስቶቹ ሊቀድሙን ነው ትላለች። እምቢ ሲል ፈሪ ትለዋለች። ቤን ፈሪ ከመባል መሞትን ይመርጣል። አራቱ ሌሊት ጠባቂውን አልፈው ሮኬቷ ውስጥ ይገባሉ። ሱ ለምን ትሄዳለች? የሪድ እጮኛ ስለሆነች። ጆኒ ለምን ይሄዳል? የሱ ወንድም ስለሆነ። ወደ ጠፈር የሚሄዱ ሠራተኞች የተመረጡት ለሠርግ አጃቢ በሚመረጥበት መንገድ ነው።

ጨረሩ መርከቧን ሲመታ «ራክ ታክ ታክ» የሚል ድምፅ ተጽፏል። ጨረር ድምፅ የለውም፤ ይሁን፣ አንባቢው መፍራት አለበት። የጊዜው ነገር ግን ያስገርማል። የሶቪየቱ ጠፈርተኛ ጋጋሪን ሚያዝያ 12 ቀን 1961 መሬትን ዞሮ ተመልሷል። መጽሔቱ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ የአገሩ ልጅ ቲቶቭ ተነሥቶ ከአንድ ቀን በላይ በጠፈር ቆየ። ሱ እንዳይቀድሙን የምትላቸው ሰዎች ቀድመው ነበር። ሊ ይህን ሳያስብበት አልቀረም፤ ከእጁ በወጣውና እስከ ዛሬ በተረፈው የታሪክ ንድፍ ላይ፣ መጽሔቱ እስኪወጣ ሩሲያውያኑ ማርስ ሊደርሱ ስለሚችሉ ጉዞው ወደ ከዋክብት ቢሆን ይሻላል የሚል ማስታወሻ አስፍሯል። ከዜናው እየሮጠ ያመለጠ ጸሐፊ ነው፤ እኔም በሥራዬ ማታ ማታ ያንን ሩጫ አውቀዋለሁ።

መርከቧ ስትወድቅ አራቱም ይለወጣሉ። ሱ ትጠፋና ትመለሳለች። ቤን ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ዛፍ ነቅሎ ሪድን ሊፈጠፍጥ ይነሣል። የተሳሳተውን ሰው ነው የወደድሽው ብሎ በሱ ፊት ይናገራል። ሪድ ክንዱን እንደ ገመድ አርዝሞ ይጠመጥመዋል። ከርቢ ይህን ገጽ ሲሥል እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ቤን ያለበት ክፈፍ ሁሉ ክብደት አለው፣ ዛፉ ከነሥሩ ሲነሣ አፈሩ ይታያል። ጆኒ ሲነድ ሣሩ ይያያዛል። ጥቂት ክፈፎች ቆይቶ ግን አራቱ እጅ ለእጅ ተደራርበው የሰውን ዘር ለማገልገል ይማማላሉ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንዱ ሌላውን በዛፍ ሊገድል ነበር! ይቅርታ የጠየቀ የለም። ሪድ፣ አስጠንቅቀኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም፣ ፊትህን አጠፋሁት አይልም። ሱም ፈሪ ያልኩህ እኔ ነኝ አትልም። በዚያ ፈንታ ስም ይመራረጣሉ። ሪድ ለራሱ ሚስተር ፋንታስቲክ የሚል ስም ያወጣል። በዚያች ቀን፣ በዚያ ሁኔታ፣ ለራሱ! ቤን ደግሞ ሱ በድንጋጤ የጠራችውን መጠሪያ አንሥቶ፣ ከእንግዲህ ቤን አይደለሁም፣ እቃው ነኝ ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ስለ ሥዕሉ ብዙ ሰዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ከኋለኞቹ እትሞች ጋር ሲነጻጸር ሻካራ ነው። እውነት ነው። ቤን በኋላ የምናውቀው፣ በድንጋይ ንጣፍ የተገጣጠመው ሰው አይደለም፤ የጭቃ ክምር ነው፣ ቅርጹ ከክፈፍ ክፈፍ ይለዋወጣል። ጆኒ ፊትም ጣትም የሌለው የነበልባል ቅርጽ ነው። የከርቢን የእርሳስ ሥዕል በጥቁር ቀለም ያጠናቀቀው ሰው ስሙ መጽሔቱ ላይ የለም፤ አጥኚዎች አብዛኛውን ጊዜ የጆርጅ ክላይንን ስም ያነሣሉ። መስመሩ ወፍራም ነው፣ ጥላው ይጫናል። ጆ ሲኖት ይህን የቀለም ሥራ ከ44ኛው እትም ጀምሮ በቋሚነት ሲይዝ ሁሉም ነገር ይጠራል፣ ያበራል፤ የቤንም ድንጋይ በሥርዓት ይደረደራል።

እኔ ግን ከዚያ ሥርዓት ይልቅ ይህን ጭቃ እመርጣለሁ። ከርቢ በዚያ ዘመን ኑሮውን የሚገፋው ጭራቅ በመሣል ነበር፤ ከባሕር የሚወጣ፣ ከዋሻ የሚወጣ፣ ከሌላ ዓለም የሚወርድ፣ በየወሩ አንድ። ቤን የእነዚያ ጭራቆች ታናሽ ወንድም ነው። የተስተካከለ ድንጋይ ያለው ቤን ለዓይን ይጥማል፣ አሻንጉሊት ይሆናል፣ ልጆች ያቅፉታል። የዚህኛውን ቤን ፊት ግን ለረጅም ጊዜ ማየት ይከብዳል፤ ዓይኖቹ ከእብጠቱ ሥር ገብተዋል፣ አፉ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። የልብስ መሸጫው ሰውዬ ለምን እንደደነገጠ ይገባኛል። ሥዕሉ ቢያምር ኖሮ ታሪኩ ውሸት ይሆን ነበር።

መጨረሻው አካባቢ ያለው ሥዕል ግን ይህን ምክንያት አያገኝም። የሚጣደፍ ሰው ሥራ ነው። ክፈፎቹ ይጠባሉ፣ ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ባዶ ነው፣ ዋሻው ከየትኛውም ዋሻ አይለይም። አራቱ ሞንስተር አይል ወደሚባለው ደሴት በጄት ይበራሉ። ባለ ሦስት ራስ የሚበር አውሬ ይገጥማቸዋል፣ ሪድ በክንዱ ጠልፎ ይጥለዋል፣ አውሬው ይረሳል። ቀጥሎ ሱና ቤን ከሌላ የድንጋይ ግዙፍ ጋር ይታገላሉ፣ እሱም ይረሳል። መሬቱ ተደርምሶ ሪድና ጆኒ ወደ አልማዝ ሸለቆ ይወድቃሉ፣ ብርሃኑ ያሳውራቸዋል፣ ራሳቸውን ይስታሉ። ሲነቁ ከራስ እስከ እግራቸው የሚከላከል ልብስ ለብሰዋል። ያለበሳቸው ጠላታቸው ነው። እዚያው ሊተዋቸው ይችል ነበር! አንስቶ፣ አልብሶ፣ አስነሥቶ፣ ከዚያ የሕይወት ታሪኩን ይነግራቸዋል።

ስሙ ሞል ማን ነው፤ እንደ ፍልፈል ከመሬት በታች የሚኖር አጭር፣ ወፍራም ሰውዬ። ዓይኑ ከብርሃን ይልቅ ለጨለማ ቀርቧል፣ ማየት አይችልም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ያም ሆኖ የመሿለኪያዎቹን ካርታ ለእንግዶቹ ያሳያል፤ በየታላላቁ አገር ሥር አስቆፍሯል። ማየት የማይችል ሰው ካርታ ለምን እንዳሣለ መጠየቅ ይቻላል። እኔ አልጠይቅም፤ ቀጥሎ ባለው ሦስት ክፈፍ ምክንያት ይቅር ብዬዋለሁ።

ሦስቱ ክፈፎች ትንንሽ ናቸው፤ ከመሬት በላይ የነበረውን ኑሮ ያሳያሉ። በመጀመሪያው አንዲት ሴት እኔ? ከአንተ ጋር ልወጣ? ብላ ትስቅበታለች። በሁለተኛው አንድ ቀጣሪ ችሎታ እንዳለህ አውቃለሁ፣ ግን ሠራተኞቼን ታስፈራብኛለህ ይለዋል። በሦስተኛው አንድ መንገደኛ ይህ ፊትህ ነው ወይስ ጭንብል ብሎ ይሳለቃል። ሌላ ነገር የለም። በዘረፋ አልተጀመረም፣ በሥልጣን ጥም አልተጀመረም፤ ፊት ብቻ ነው። ይህን ሰው ዓለም ገፋው፣ እሱም ከዓለም በታች ሄደ፣ ጭራቆቹ ፊቱን አልጠየቁትም።

አሁን ወደ ልብስ መሸጫው ተመለሱ። ካፖርቱን እስከ ጆሮው ያነሣውን፣ በልኩ የሚሆን ነገር በዓለም ያጣውን ሰው አስታውሱ። ፖሊስ ምንም ሳያጠፋ የተኮሰበትን ሰው። የሚወዳት ሴት ሌላ ሰው ልታገባ እያየ የሚኖረውን ሰው። ልብስ እንኳን የማይራራለትን ሰው። ሊ እና ከርቢ በአንድ መጽሔት ውስጥ በፊቱ ምክንያት ከሰው ተራ የወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ፈጥረዋል፤ አንዱን ጀግና፣ አንዱን ጠላት አድርገው። ሁለቱን በአንድ ዋሻ ውስጥም አገናኝተዋቸዋል። ግን ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። ሞል ማን ታሪኩን የተናገረው ለሪድ እና ለጆኒ ነው፤ መልከ መልካሙ ሳይንቲስትና መልከ መልካሙ ጎረምሳ ናቸው የሰሙት። ቤን በዚያን ሰዓት ሌላ ጥግ ላይ ከድንጋዩ ግዙፍ ጋር ይደባደባል።

ለእኔ የመጽሔቱ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ገመዱ፣ በሩ፣ ሚሳይሉ የጥድፊያ ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንድ ተጨማሪ ሳምንት ቢገኝ ይጠገኑ ነበር። ይህኛው ግን ታሪኩ ወደ ደረሰበት ቦታ ሳይገባ በሩ ላይ የተመለሰበት ነው። ሞል ማን ሊያይ አይችልም ማለት ይቻላል፤ በዚያ መጽሔት ውስጥ የቤን ፊት የማያስደነግጠው ብቸኛ ሰው እሱ ነበር። ደራሲዎቹ የያዙትን አላወቁትም አልልም፣ በዓመቱ ደርሰውበታል። በስምንተኛው እትም፣ በኅዳር 1962፣ አሊሺያ ማስተርስ የምትባል ዓይነ ስውር ቀራጺ ይዘው መጡ፤ ቤንን የወደደችው እሷ ናት። ማየት የማይችል ሰው የሚያየው ነገር እንዳለ ያኔ ገባቸው። በመጀመሪያው እትም ግን ያው ማየት የማይችለው ሰው በበትር ይማታል።

ፍጻሜው ደግሞ እንዲህ ነው። ጆኒ በእሳቱ ጭራቁን ያዋክባል፣ ዋሻው ይደረመሳል፣ አራቱ ወደ ጄታቸው ይሮጣሉ። ሞል ማን እዚያው ይቀራል፤ ሪድ ነው የተወው። ደሴቱ ይፈነዳል። ሪድ በእኛ ዓለም ውስጥ ቦታ አልነበረውም፣ ምናልባት እዚያ ታች ሰላም ያገኝ ይሆናል ይላል። ቤን ይህ ሲባል እዚያው ጄት ውስጥ ነው። ሪድ በቤን ፊት፣ መልኩ ለማያምር ሰው በዓለማችን ውስጥ ቦታ የለም ይላል፤ የቤንን መልክ ያጠፋው ራሱ ሪድ ሆኖ ሳለ። የሚገርመኝ ቤን ዛፍ አለመንቀሉ ነው። ለነገሩ ጄት ውስጥ ዛፍ የለም።

ሞል ማን ለዘላለም ተቀብሮ አልቀረም፤ በጥር 1964፣ በ22ኛው እትም ተመልሷል። ሽያጭ ያለው ጠላት አይሞትም። እኔ ግን የገጽ አቀናባሪ ሆኜ ያ የመጀመሪያ እትም እጄ ላይ ቢገባ ኖሮ ከሞንስተር አይል ባለ ሦስት ራሱን አውሬ አወጣው ነበር፤ የመጣበትን ሳናውቅ የሚሄድ ስለሆነ ማንም አይናፍቀውም። በተለቀቀው ገጽ ላይ ቤንን ከሪድ ቀድሞ ወደ አልማዙ ሸለቆ እጥለው ነበር፤ ሦስቱን ትንንሽ ክፈፎችም ለእሱ እንዲነገሩ አደርግ ነበር።